ከግርጌ የቆረጥኩት አንቀጽ

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ ከቀኑ 10፡15

ት/ቤቱ ደብዳቤ ላከ። ቃልኪዳን አንደኛ ክፍል መግባቷ የሚወሰነው ሐሙስ ሰኔ 5 በሚደረግ የቃል ምዘና ነው። ካላለፈች መዋዕለ ሕፃናትን ትደግማለች።

ከምሳ ዕቃዋ ሥር ነው ያገኘሁት። ዘይት ነክቶታል። ካልሲዋን እያወለቅኩ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት አለው፤ ማኅተሙ ደግሞ በደንብ ተመቷል።

ልጅቱ የልጄ የሩት ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ከ፣ ቀ እና ገ ከጉሮሮ አይወጡላትም፤ በምላሷ ጫፍ ታወጣቸዋለች። ካልሲ «ታልሲ» ነው፤ ጎመን «ዶመን»። ቤት ለምደነዋል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሯ ሦስቴ ታስደግማታለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷ ዝም ትላለች። ደብዳቤው ይህን «የተግባቦት ክፍተት» ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ጋዜጣ ሳርም እንዲህ ያለ ሐረግ በእኔ ጠረጴዛ ሳይሰረዝ አላለፈም።

ሩት ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ ሳምንት በሳምንት ይገለባበጣል። አማቼ ታምራት መስክ ከወጣ አምስተኛ ሳምንቱ። ልጅቱ በሁለት ሰው እጅ ናት፦ በእኔና በታምራት እናት በወ/ሮ አስካለ። ደብተር፣ ስለ ወ/ሮ አስካለ ያልነገርኩህ የለም። ከጥር ጀምሮ ያሉትን ገጾች ተመልከት።

ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ሐሙስ የቤት ኅብረት እኛ ጋ ስለሆነ እህቶች ይጸልዩላታል አሉ። ልጅቱ አልታመመችም አልኩ።

«ጤነኛም ይጸለይለታል ጋሽ ግርማ።»

 መልስ የሚያሳጣ ሰው አልወድም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከክሊኒክ ተመለስን። የንግግር ባለሙያዋ ህሊና ትባላለች። ሠላሳ አይሞላትም። ቃልኪዳንን ውሃ አስይዛ አስጉመጠመጠቻት፤ ጉሮሮዋ ሲንቀጠቀጥ በጣቷ አስነካቻት። ከና ገ የሚኖሩት እዚያ ነው አለቻት። ልጅቱ ሳቀች፤ ደረቷን አራሰች።

በቀን ስንት ሰዓት እናስጠናት ብዬ ጠየቅኩ። ምንም አለች። ጥናት የለም፤ ወንበር የለም፤ ሰሌዳ የለም። ፊት ስታጠቡ፣ ልብስ ስታለብሱ፣ ምግብ ስታቀርቡ፣ መንገድ ስትሄዱ አለች። ሥራው ያው የቤት ሥራ ነው፤ ቃሉ ውስጡ ይገባል። ሦስት ገጽ ሰጠችኝ፤ ከላዩ የልጅቱ ስም ተጽፎበታል። እቤት ያሉ ሁሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡት አለች።

ይህን ለመስማት ነው ሁለት ታክሲ የያዝነው። ካልሲ ለማልበስ ባለሙያ አስፈልጎን።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሦስት ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚያነብ የለም። ወደ አንድ አወረድኩት።

ዘዴው የታወቀ ነው። ዋናው ነገር ከላይ፣ ትርፉ ከታች። ቦታ ሲጠብ ከግርጌ ይቆረጣል። ለዚህ ሥራ ማንም አይወቅሰኝም፤ የሚኒስትር መግለጫ በዚህ እጅ ግማሹን አጥቷል። የህሊና ሦስተኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አነበብኩ፤ «ውድ ወላጆች፣ ታገሡ» ዓይነት ማባበያ ነው። ሄደ። የቀረው በደንብ ተጸዳ፦ ጠዋት እነዚህ ቃላት፣ ምሳ ላይ እነዚህ፣ መንገድ ላይ እነዚህ።

ንጹሑ ቅጂ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ። አጠገቡ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ ቀን፣ ቃል፣ ልክ፣ ስህተት። ቀይ እስክሪብቶ በክር አንጠለጠልኩ። ዋናውን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ወ/ሮ አስካለ ሰንጠረዡን ቆመው አዩት። ሱቃቸው ውስጥ የሚለጠፍ የዋጋ ዝርዝር መሰላቸው ይሆናል። 

ዓርብ፣ ግንቦት 15፤ ጠዋት 1፡10

ሰባት ሴቶች ትናንት ሳሎን ሞልተው ልጅቱን መሐል አድርገው ጸለዩ። ምላሷ ይፈታ አሉ። ደጋግመው። እኔ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ይዤ ነበር፤ አንድ ዓምድ አላነበብኩም። ዘንድሮ ቸርች የምሄደው ሩትን ላለማስቀየም ነው፤ ኋላ ወንበር፣ በር አጠገብ።

ዛሬ ጠዋት ፊቷን ላጥባት ስፈልጋት መስታወት ፊት አገኘኋት። ወንበር ላይ ወጥታለች። ምላሷን አውጥታ በጣቷ ከፍ ታደርገዋለች፣ ሥሩን ታያለች። ምን እየፈለግሽ ነው አልኳት። የታሰረበትን ገመድ አለች።

ወጥ ቤት ገባሁ። ወ/ሮ አስካለ ምሳ ዕቃ ይቋጥራሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። አምላክን ሲለምኑ ልጅ እንደሚሰማ አይገባዎትም ወይ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ይህን አልክድም። እሳቸው ክዳኑን ገጠሙ፣ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ።

«እኔ ፈጣሪን ነው የለመንኩት። እርስዎ ልጅቱን ነው የሚለምኗት፤ ድገሚ፣ ድገሚ እያሉ።»

ከዚያ ግን መስታወቱ ጋ ሄደው አፋቸውን ከፈቱ። ይኸው የእኔም ገመድ የለውም፣ የማንም የለውም አሏት። ልጅቱ የሳቸውን አፍ በደንብ መረመረች። ሁለት ጥርስ እንደሌላቸው ለሁላችን አስታወቀች።

ሰኞ፣ ግንቦት 18፤ ከጠዋቱ 2፡40

የሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ውጤት። አሥራ አራት ቃል፣ ሁለት ልክ።

ባኞ ላይ መጉመጥመጥ፦ ውሃው ጉሮሮዋ ውስጥ ሲንቀረቀር ጥሩ፤ ውሃው ሲተፋ ገ ጠፋ። ሸሚዝ ስትለብስ፦ ቁልፍ፣ ዘጠኝ ጊዜ። ዘጠኙም «ጡልፍ»። በአሥረኛው እጇን ከእጅጌው አውጥታ ተቀመጠች።

ቁርስ ላይ ቂጣውን ይዤ ጠበቅኩ። ቂጣ በይ፣ ይሰጥሻል። ቂጣውን አየች፤ እኔን አየች። ዳቦ ስጠኝ አለች። ዳቦ ውስጥ ከም ቀም ገም የለም። ከሦስቱ አንዱም የሌለበትን ምግብ ከገበታው ላይ መርጣ ጠራች። ተናደድኩ። ትንሽም ኮራሁ። ሰንጠረዡ ላይ ስህተት ብዬ መዘገብኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ወ/ሮ አስካለ ዛሬ በሥራዬ ገቡ። ጫማዋን ስናስር ነው። «አያስደግሟት ጋሽ ግርማ። ስትስት ቃሉን እርስዎ ይበሉትና ይለፉት» አሉ። ከየት አመጡት አላልኩም። ከሐሙሱ ጉባኤ የመጣ ራእይ መሆኑን ገምቻለሁ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ መመሪያ አለ፣ ከባለሙያ ነው አልኩ።

«አየሁት። አጭር ነው» አሉ።

ምስጋና መስሎኝ አመሰገንኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

በሰንጠረዡ ላይ ስህተት የለም። ልክም የለም። ሁለት ቀን ቃል አልተመዘገበም። ልጅቱ ትጠቁማለች። ካልሲ ስትፈልግ እግሯን ታነሣለች። ኩባያ ስትፈልግ ወደ መደርደሪያው ታያለች። ጎመን እንደጠገበች ሳህኑን በመግፋት ታስታውቃለች።

ዛሬ ታክሲ ውስጥ የት ነው የደረስነው አልኳት። በመስኮት ትምህርት ቤቷን በጣት አሳየችኝ። ስሙን፣ ስሙን በይው አልኩ። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት በሐዘኔታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ውይ፣ አትናገርም እንዴ አለችኝ። ትናገራለች አልኩ። ሴትየዋ ወደ ቃልኪዳን ዞረች፤ ሁለታችን ጠበቅን። ቃልኪዳን መስኮቱ ላይ ተንፍሳ በጣቷ ክብ ሠራች።

 ለሴትየዋ ያሰብኩትን አልጽፈውም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

አባባ ማለት ተወች።

ስትፈልገኝ እጅጌዬን ትስባለች። ደብተር፣ አስተውል። አባባ ውስጥ የሚያስቸግራት ፊደል አንድም የለም። አፍ ከፈታች ጀምሮ ንጹሕ ነው። አንድ ቀን አላረምኩትም። እሱንም ከሌሎቹ ጋር አስቀረችው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈርታለች። ያስፈራት የሐሙሱ ጩኸት ነው። ለሩት እራት ላይ ነገርኳት። ወ/ሮ አስካለ ሰምተዋል፤ እንዲሰሙ ነው የነገርኳት። ኅብረቱ ወደ ሌላ ቤት ይዙር፣ ልጅቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ መዋሏ ይቅር፣ ጫጫታ አይበጃትም አልኩ። ወ/ሮ አስካለ አየር ጤና የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው፤ ከቦንጋ በኩል የሚመጣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ጥምዝ ይሸጣሉ። ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ሩት ቆማ ነበር የምትበላው። አባዬ፣ ቅዳሜ አንተ ግምገማ ብለህ ከጓደኞችህ ጋር ቡና ትጠጣለህ፣ እኔ ፈረቃ ነኝ፣ ልጄን ታክሲ ላይ ልተዋት ወይ አለች። ቀጥሎ ሁለታችንንም አየች። ምዘናው አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው፤ ልጄ ከማን ጋር እንደምታወራ እንኳ አላውቅም አለች። ሳህኑን አጥባ ተኛች።

ወ/ሮ አስካለ አንድ ቃል አልመለሱም። ዝምታቸው ግን ደስ አላለኝም። ማስረጃ የያዘ ሰው ዝምታ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

በትክክል ልጻፈው።

ዝናብ ስለጣለ ጓደኞቼ ቀሩ። ልጅቱን ቀድሜ ላምጣ ብዬ አየር ጤና ወረድኩ። ከሱቁ ጎን ጎማ የሚጠግን ጋራዥ አለ፤ ሸራው ሥር ተጠለልኩ። ከሸራው ወዲህ ሆኖ ሱቁ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

ወ/ሮ አስካለ ከረጢት ይሞላሉ። ቃልኪዳን በርጩማ ላይ ናት፤ እሷ የምታያቸውን ማሰሮዎች እሳቸው አያዩም፣ ወይም የማያዩ መስለዋል። የቱ አለቀብን ይላሉ። ልጅቱ ትናገራለች። ስትስት እሳቸው ቃሉን በሥራቸው መሐል ያነሡታል፤ እሺ፣ ቁንዶ በርበሬው አለቀ ማለት ነው፣ ሰኞ ቁንዶ በርበሬ አመጣለሁ፤ ይሉና ያልፋሉ። አይቆሙም። ፊቷን አያዩም። አንድ ደንበኛ መጣ፤ ልጅቱ ኮረሪማ አለ አለችው። ጮክ ብላ። ቀጥላም የትናንቱ ነው የሚሻለው ብላ አማከረችው። ሰውየው ሳቀ፤ የትናንቱን ገዛ።

ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩ። ኮረሪማ አራት ጊዜ፤ ሦስቱ ንጹሕ። ቅርንፉድ ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ጠርቷል። ገ ገና አልጠራላትም፤ ግን ታወራለች። ጎረቤቱን ታማለች። አሥር ቀን አንድ ቃል ያልሰማሁባት ልጅ።

ከሸራው ወጣሁ። አየችኝ። አፏን ገጠመች፤ ከበርጩማው ወረደች፤ ቦርሳዋን አነሣች።

ይህን መስመር ሦስቴ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ አራተኛው ይኸው። ልጅቱ የፈራችው እኔን ነው።

ወ/ሮ አስካለን ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳቸው። ወረቀቱን ካነበብኩ ጀምሮ አሉ። የትኛው ወረቀት? እጃቸውን ጠረጉ፤ ከመሳቢያ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡ፤ መዝሙረ ዳዊት መሐል ሦስት ገጽ ታጥፏል። የህሊና ጽሑፍ። የቲማቲም ጭማቂ ነክቶታል። ከቅርጫቴ ውስጥ ነው ያወጡት።

«የልጅ ስም ያለበት ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም» አሉ። «እኔ እንደ እርስዎ ፈጣን አይደለሁም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግን ጨረስኩት።»

የመጨረሻውን ገጽ ሰጡኝ። ጋራዡ በር ላይ ቆሜ አነበብኩ። እዚህ ሳልቆርጥ እገለብጠዋለሁ፦

«ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አታርሟት። ድገሚ አትበሏት። ስትስት ቃሉን እናንተ በትክክል ብላችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። ምግብንም ጨዋታንም የቃል መያዣ አታድርጉባት። ዝም ማለት ከጀመረች ሁሉንም አቁሙና ደውሉልኝ።»

ለምን አልነገሩኝም አልኩ።

«ነገርኩዎት እኮ። ጫማ ሲያስሩ። እርስዎ ከሐሙስ ጸሎት ያመጣሁት መሰለዎት።»

ወረቀቱን ማሳየት ይችሉ ነበር አልኩ። ከት ብለው ሳቁ። ባሳይዎ ቀዩን እስክሪብቶ ያወጡ ነበር አሉ።

አወጣ ነበር።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 12፡30

ንዴቴን በየተራ ልመዝግብ። አንደኛ፣ ህሊና። «ከሁሉም የሚበልጠው» ብሎ ነገር መጨረሻ ላይ ይጻፋል? አንድ ቀን ዜና ክፍል የዋለች ሰው እንዲህ አታደርግም። ሁለተኛ፣ ወ/ሮ አስካለ። አሥራ አራት ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደብቀው እኔ ስሳሳት ተመለከቱ። እሳቸውም ልጅቱን በእኔ እጅ ዝም እያለች ትተዋታል፤ እኔን ለማሳፈር ሲሉ። ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ይህንስ እውነት ነው አሉ፤ ቀጥ ብለው፣ ሳያቅማሙ። ለዚያ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ይህኛው ብዙ ቦታ አይፈልግም። እስከ መጨረሻው ያንብቡት ተብሎ ነበር።

ሰንጠረዡን አነሣሁት። እስክሪብቶውን ከክሩ ፈታሁ። ቃልኪዳን በር ላይ ቆማ አየች። ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2፤ ከጠዋቱ 3፡20

ለህሊና ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅርጫቱንም።  ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቱን ምንም አይጠይቋት አለች። በይ፣ ድገሚ፣ ይህ ምንድነው፣ ሁሉም ይቅር። እርስዎ የሚሠሩትን እየሠሩ ስለሱ ብቻ ያውሩ። መልስ አይጠብቁ። ምዘናውን ታልፋለች ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ እሱን ቃል አልገባም አለች። ሦስት ቀን ነው የቀረው።

ጠዋት ሞከርኩ። ካልሲ አነሣሁ። ይህ ካልሲ ነው እንዳልል ተከልክያለሁ፤ ትምህርት ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ አንዱ ካልሲ እዚህ አለ፣ ሌላው ካልሲ የት ገባ፣ ካልሲ ብቻውን አይሄድም፣ አልጋ ሥር ይሆናል። በጉልበቴ ተንበርክኬ አልጋ ሥር አየሁ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ። ከበሩ ወዲያ ወ/ሮ አስካለ፦

«ጋሽ ግርማ፣ ከካልሲው ጋር ታረቁ እንዴ?»

ልጅቱ ሳቀች። ካልሲው ትራሷ ሥር ነበር። እሷው አወጣችው። አላወራችም፤ ግን እግሯን ሰጠችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ጠዋት፦ ቁልፍ፣ ቂጣ፣ ኩባያ፤ ሁሉንም እኔው አወራኋቸው። ለቂጣው መያዣ አልጠየቅኩም። ሁለት በላች። ሻይዋን እያማሰልኩ ስኳሩ አልቀለጠም እላለሁ፤ እንደ እብድ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባኞው ላይ ቆማ ውሃ አንቀረቀረች፤ ማንም ሳያዛት። ተፋችና ተመለከተችኝ። እኔም አንቀረቀርኩ። የእኔ ይበልጣል፤ ጢሜ ላይ ፈሰሰ።

አላረመችኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ከት/ቤቱ ተደወለ። ነገ ወደ ምዘናው ክፍል ከልጅቱ ጋር አንድ ዘመድ ብቻ ይገባል። ሩት ከፈረቃዋ መውጣት አልቻለችም። ሁለታችሁ ተነጋገሩ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ተነጋገሩ አለች በስልክ።

ተነጋገርን። እኔ የምገባበት ምክንያት ብዙ ነው። ርእሰ መምህሯ የምትጽፈውን ቋንቋ አውቃለሁ። ፎርም ሲያጭበረብር አውቃለሁ። አላግባብ ከጣሏት የአቤቱታውን ደብዳቤ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ እጽፈዋለሁ። ወ/ሮ አስካለ እስክጨርስ ሰሙ። ይግቡ፣ እርስዎ ነዎት የተማሩት አሉ። ወጥመድ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁ፤ ወጥመድ አይደለም። ከእኔ ጋር ያላቸው ቅራኔ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ከልባቸው ነው ያሉት።

ማድ ቤት ወጥቼ ቆምኩ። ጥያቄው ማን ይጽፋል አይደለም። ጥያቄው ልጅቱ ማን ፊት ትናገራለች ነው። ይህን ማንም ሳያርመኝ አውቀዋለሁ።

ውሳኔ፦ ወ/ሮ አስካለ ይገባሉ። እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቦርሳቸውን ያዘጋጁ ጀመር። አልተጨባበጥንም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5፤ ከጠዋቱ 5፡30

ሃያ አምስት ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ። በሩ ወፍራም ነው። የጸሐፊዋን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ አምስት ግድፈት።

ወጡ። ልጅቱ ብስኩት ይዛለች። ወ/ሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንዴት ነበር አልኩ።

«በአጭሩ ልንገርዎ፣ ወይስ እስከ መጨረሻ?»

እስከ መጨረሻ አልኩ። ታክሲ እስኪሞላ፣ ከዚያም መንገዱን ሙሉ ነገሩኝ። አንድ ነገር አልዘለሉም፤ የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር።

ርእሰ መምህሯ ስምሽ ማነው ብላ ጀመረች። ልጅቱ ዝም። ሥዕል አሳየቻት፤ ዝም። ሴትየዋ እስክሪብቶ አንሥታ ልትጽፍ ስትል ወ/ሮ አስካለ ከቦርሳቸው ኮረሪማ አወጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይፈለፍሉ ጀመር። ርእሰ መምህሯ እናቴ ይህ ምንድነው አለች። እሳቸው መልስ ሊሰጡ ሲሉ ልጅቱ ቀደመቻቸው፤ ኮረሪማ ነው፣ ደረቅ ስለሆነ ነው የሚጮኸው አለች። ከዚያ አላቆመችም። ሱቁን፣ ጋራዡን፣ የሳቸውን ሁለት ጥርስ፣ ሁሉንም አወራች። መጨረሻ ላይ ስሟን ተጠየቀች። ቃል የሚለው ጠራ። ኪዳን የሚለው አልጠራም። ርእሰ መምህሯ ኮረሪማ ፎርሙ ላይ የለም አለች። ሆኖም ብዙ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ወ/ሮ አስካለ አላዩም።

እኔ ብሆን አየው ነበር አልኩ። እርስዎ ቢሆኑ የሚታይ አይኖርም ነበር አሉ። 

ቃልኪዳን ጉልበቴ ላይ ነበረች፤ ቦታ ስለጠበበ እንጂ ሌላ አይምሰልህ። ወደ ቤታችን ስንቃረብ ረዳቱ በሩን ይዞ ወራጅ አለ ወይ አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ጮኸች፦

«ቀራንዮ ጋ ወራጅ አለ!»

ረዳቱ እሺ እመቤት አላት። ታክሲው ሳቀ። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አባባ ውረድ አለችኝ።

ቀዋ ጠራች ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። አልቆጠርኩም።

ከወ/ሮ አስካለ ጋር አልታረቅንም። የሐሙሱ ኅብረት ማታ እኛ ጋ ነው፤ በረንዳው ላይ እሆናለሁ። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ውጤቱ ሰኞ ሰኔ 9፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጽሑፍ ይሰጣል፤ ሁለት ገጽ ነው ተብሏል። ሁለታችንም እንሄዳለን። ወረቀቱን እሳቸው ያነቡታል፤ ቀስ ብለው፣ እስከ ግርጌው።